ሕመም ሳይሰማኝ ለምን እመረመራለሁ?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 38 ነው። ልጄን ለማስከተብ ጤና ጣቢያ በሄድኩበት ጊዜ ነርሷ የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ እንዳደርግ መከረችኝ። ምንም ሕመም የለብኝም፤ ምርመራው በአቼቶ ነው መባሉም አጠራጠረኝ። ምን ትሉኛላችሁ? (ከደሴ)

መልስ፦ እህታችን፣ የምርመራው ትክክለኛ ጊዜ ሕመም ሳይኖር ነው። ለካንሰሩ መነሻ የሚሆነው ሂዩማን ፓፒሎማ የተባለው ቫይረስ በሰውነት ውስጥ ሲቆይ፣ የመከላከል አቅሟ ባልተዳከመ ሴት ላይ ካንሰር ለማስከተል አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል፤ መድማት ሲጀምር ግን በሽታው ብዙ ጊዜ ገፍቷል። በአገራችን ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች እንዲመረመሩ የሚመከረውም ለዚህ ነው።

አቼቶ የተባለው ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ ነው (የወጥ ቤቱም አቼቶ ዋና ይዘት ይኸው ነው)። የማህፀን በር ላይ ተቀብቶ አንድ ደቂቃ ያህል ሲቆይ፣ የተለወጡ ሕዋሳት ነጣ ብለው ይታያሉ። ዘዴው ላቦራቶሪ ስለማይፈልግ፣ ለሕክምናው ተስማሚ የሆነች ሴት በዚያው ቀን በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ልትታከም ትችላለች፤ ከሩቅ ገጠር ለመጣች እናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነጭ ምልክት መታየቱ ብቻውን ካንሰር ማለት እንዳልሆነም ይወቁ።

ጉድለትም አለው፤ ውጤቱ በባለሙያው ዓይን ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ የወር አበባቸው ለቆመ ሴቶችም እምብዛም አያገለግልም። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገውን ምርመራ ያስቀድማል፤ ለዚህኛው ሴቷ ናሙናውን በራሷ መውሰድ ስለምትችል፣ ለመታየት ለሚያፍሩትም ይበጃል። በአቅራቢያዎ ካለ ይህንኑ ይምረጡ፤ ከሌለ ግን ነርሷ ያሉዎትን አያዘግዩ።