ዲግሪ ይዣለሁ፤ አስተማሪ ነኝ ወይ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከሐዋሳ

ጥያቄ፦ «ውድ እትዬ፣ በ2016 ዓ.ም. በባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ያዝኩ፤ የመውጫ ፈተናውንም አልፌአለሁ። አንድ ዓመት ሥራ ፈትቼ ከተቀመጥኩ በኋላ አቶቴ አካባቢ አንድ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ 7ኛ ክፍል ጠቅላላ ሳይንስ ማስተማር ጀመርኩ። ሳልፈልግ ገባሁበት፤ አሁን ወድጄዋለሁ። ግን ስለ ሕዋስ ሳስረዳ ለእኔ ገብቶኛል፤ ልጆቹ ያዩኛል እንጂ አይከተሉኝም። ጓደኞቼ ማስተርስ ጀምሪ ይሉኛል። ወንድሜ ፒ.ጂ.ዲ.ቲ. የሚባል አለ ይላል። አንድ ደላላ ደግሞ በሦስት ወር የትምህርት አመራር ዲፕሎማ አስይዤሽ ርዕሰ መምህር ትሆኛለሽ ብሎ ገንዘብ ጠይቆኛል። ከየቱ ልጀምር? ቤ. ነኝ።»

መልስ፦ ልጄ ቤ.፣ ከሦስቱ ምርጫዎች በፊት «ያዩኛል እንጂ አይከተሉኝም» ያልሽውን ላንሣ። መልስሽ እዚያው አለ። ዩኒቨርሲቲው ሕዋስን አስተምሮሻል። የ13 ዓመት ልጅ ሕዋስን እንዴት እንደሚረዳ ግን ማንም አላስተማረሽም፤ ሁለቱ ደግሞ ለየቅል ናቸው። ስለዚህ ወንድምሽ ልክ ነው፤ ቅድሚያው የማስተማር ሥልጠናው ነው።

ፒ.ጂ.ዲ.ቲ. የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ ማለት ነው። በአንድ የትምህርት ዓይነት ዲግሪ ይዞ ለሁለተኛ ደረጃ መምህርነት ለሚዘጋጅ ሰው የታሰበ የአንድ ዓመት ትምህርት ነው። የሥነ ልቦና፣ የሥርዓተ ትምህርት፣ የምዘና፣ የአካቶ ትምህርትና የራስሽ ትምህርት የማስተማሪያ ዘዴ ይሰጥበታል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በመጣው የመምህራን ትምህርት ለውጥ (በዕድሜ ከፍ ያሉት ባልደረቦችሽ ቴሶ ሲሉት ትሰሚያለሽ) ባዮሎጂውና ማስተማሩ በአንድ ዲግሪ ውስጥ ጎን ለጎን ይሰጡ ነበር። ከዚያ «መጀመሪያ ባዮሎጂው ይጠናቀቅ፣ ማስተማሩ ይከተል» ተባለና ፒ.ጂ.ዲ.ቲ. መጣ። አሁን ደግሞ ጎን ለጎን ይሰጥ የሚለው ሐሳብ ተመልሷል። እኔን ከጠየቅሽኝ ጎን ለጎኑን እመርጣለሁ፤ መምህር የሚሆን ሰው ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በልጅ ዓይን ማየት ቢለምድ ደስ ይለኛል። አንቺ ግን ዲግሪሽ በእጅሽ ነው፤ ወደ ኋላ ተመልሰሽ አራት ዓመት አትጀምሪ። ምዝገባ መኖሩንና አመልካቾች እንዴት እንደሚመረጡ ለማወቅ ዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ድረስ በእግርሽ ሂጂ፤ ማስታወቂያውን ራስሽ አንብቢ። ከሰው አፍ አትስሚ።

ከዚህ ሁሉ ልብሽን እንድትጥዪበት የምፈልገው ፕራክቲከሙ፣ ማለትም ትምህርት ቤት ገብተሽ የምታደርጊው የማስተማር ልምምድ ነው። መጀመሪያ ሌላ መምህር ሲያስተምር ታያለሽ፣ ከዚያ ታግዣለሽ፣ በመጨረሻ አንቺ ቆመሽ ታስተምሪያለሽ፤ ተቆጣጣሪሽ ከኋላ ተቀምጦ ይጽፋል። ብዙ ሠልጣኞች ይህን ፎርም ከጓደኛ ገልብጠው ይሞሉታል። እባክሽ አንቺ እንዲህ አታድርጊ። ሌላውን ትምህርት ኋላም አንብበሽ ትደርሺበታለሽ፤ ቆመሽ እያስተማርሽ ከኋላ ተቀምጦ ስሕተትሽን የሚነግርሽ ሰው ግን ከዚያ ወዲያ ማግኘት ይከብዳል።

እኔ ከቲ.ቲ.አይ.፣ ከመምህራን ማሠልጠኛው፣ የወጣሁት በ1979 ዓ.ም. ነው። የአንድ ዓመት ሥልጠና ነበር፤ ከ12ኛ ክፍል በኋላ። የተመደብኩት ሲዳማ ገጠር፣ 1ኛ ክፍል፣ 84 ልጆች ያሉበት ክፍል ውስጥ ነው። ያኔ ትምህርቱ በአማርኛ ነበር። ሰሌዳው ላይ «ውኃ» ብዬ ጽፌ ሦስት ቀን ሙሉ አስደገምኳቸው። ድምፃቸው ጣራ ይነቀንቃል፤ አንዱም ግን አልገባውም። በአራተኛው ቀን ማሠልጠኛ ሳለን አንድ መምህራችን «ዕቃውን አስቀድሙ፣ ቃሉ ይከተላል» ይሉን የነበረው ትዝ አለኝና በጣሳ ውኃ ይዤ ገባሁ። ከፊት የተቀመጠች ትንሽ ልጅ «ዋ!» አለች። በሲዳምኛ ውኃ ዋ ነው። ያን ቀን ከእሷ አንድ ቃል ተማርኩ፤ ክፍሉም ከእኔ አንድ ቃል ተማረ። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ 1ኛ ክፍል በሲዳምኛ ሲሆን፣ ጽሑፉም በላቲን ፊደል ሲጀመር፣ እኔ ራሴ ማታ ማታ ከልጆቼ ጋር ፊደል ቆጠርኩ። ሥልጠና ለወረቀት ነው የሚሉ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ የማስታውሰው ያችን ጣሳ ነው።

ስለ ሕዋስ ደግሞ፦ ማይክሮስኮፕ በውሰት የምታገኚበት ቦታ ካለ የሽንኩርት ስስ ልጣጭ ይበቃሻል። መስተዋት ላይ አንጥፊና ልጆቹ በየተራ ይዩ፤ ያዩትን ይሣሉ። ስሙን የምትናገሪው ከሥዕሉ በኋላ ነው። ሽንኩርቱን ከቤትሽ ውሰጂ፤ እስኪገዛልሽ አትጠብቂ።

ከሥልጠናው በኋላም ወዲያው የበቃሽ አድርገሽ ራስሽን አትዪ። በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚቀጠር አዲስ መምህር የሁለት ዓመት የሙያ ትውውቅ አለው፤ አማካሪ መምህር ይመደብለታል። ከዚያ በየዓመቱ 60 ሰዓት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ይጠበቅበታል፤ የሙያ ፈቃድ ምዘናም አለ። የደረጃ ዕድገቱ ከጀማሪ መምህር ተነሥቶ መለስተኛ፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር፣ ተባባሪ መሪ፣ መሪ እያለ ይሄዳል። በግል ትምህርት ቤት ስላለሽ ይህን ሁሉ የሚያደርግልሽ ላይኖር ይችላል። እንግዲያው አንድ ልምድ ያላት መምህርት ፈልጊና በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ክፍልሽ ገብታ እንድትቀመጥ ለምኛት። ቡና ጋብዣት፤ እምቢ አትልሽም።

አሁን ወደ ደላላው። ገንዘብሽን አትስጪው። አንድ ተቋም ዕውቅና የሚያገኘው በየፕሮግራሙና በየካምፓሱ ነው፤ ስሙ የታወቀ ተቋም እንኳ የሚሰጠው ትምህርት ሁሉ ዕውቅና አለው ማለት አይደለም። የሚጠየቀው ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። የትምህርት ማስረጃ ሲጣራ ደግሞ የሚጠየቀው ባለ ወረቀቱ ነው፤ ያን ጊዜ ደላላው ስልኩን አያነሣም። እውነተኛው የትምህርት ቤት አመራር የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ፒ.ጂ.ዲ.ኤስ.ኤል. ይባላል። በሥራ ላይ ላሉ ርዕሳነ መምህራንና ሱፐርቫይዘሮች የታሰበ ነው፤ የተማሩትን ወደሚመሩት ትምህርት ቤት ወስደው ይሠሩበታል። ትምህርት ቤት በእጅሽ ከሌለ ምኑ ላይ ትሠሪበታለሽ?

ይህን የምልሽ ከራሴ ቁስል ተነሥቼ ነው። በአምስተኛ ዓመቴ፣ ያለ አንዳች ሥልጠና፣ ርዕሰ መምህርት ተደረግኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ክፍል ገብቼ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ መምህር ሲያስተምሩ አየሁና ማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩት «የሰሌዳ አጻጻፍ ጥሩ፣ ድምፅ ጥሩ» ነበር። እኚያ ሰው በመጨረሻው ወንበር ያሉት ልጆች ማንበብ እንደማይችሉ ያውቁ ነበር፤ የሚያማክሩት ሰው ይፈልጉ ነበር። እኔ ግን የማየው የጠፋኝ ሰው ነበርኩ። የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይም ስለ አጥርና ስለ መዋጮ ስናወራ ዓመቱ አለቀ። ያን ዓመት 3ኛ ክፍል የነበሩት ልጆች አሁን ጎልማሶች ናቸው፤ ፒያሳ ስንገናኝ አንዳንዶቹ «ቲቸር» ብለው ይስሙኛል፤ እኔ ግን የእነሱን ዓመት አልረሳውም። ኋላ ክረምት ክረምት የትምህርት አስተዳደር ስማር፣ እያንዳንዱ ምዕራፍ ያን ትምህርት ቤት መልሶ ያሳየኝ ነበር። መጀመሪያ ጥቂት ዓመት አስተምሪ። መምራት ከወደድሽ መንገዱ አይዘጋም።

ማስተርሱስ? በባዮሎጂ ከሆነ የዕውቀት ነው፤ በሥርዓተ ትምህርት ወይም በትምህርት ዕቅድና አስተዳደር ከሆነ የሙያ ነው። ሁለቱንም ለመግባት አሁን ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አለ። ግን ክፍል ውስጥ የሚያስጨንቅ የራስሽ ጥያቄ ሳይኖርሽ ማስተርስ ብትገቢ የመመረቂያ ርዕስሽን የሚሰጥሽ ሌላ ሰው ነው። ሁለት ሦስት ዓመት ቆይተሽ ስትገቢ «ልጆቼ ለምን አልተከተሉኝም?» የሚለው ራሱ ርዕስ ይሆንልሻል።

ጥያቄ፦ «አለታ ወንዶ አካባቢ በዲፕሎማ 12 ዓመት ሒሳብ አስተምሬአለሁ። በክረምት ዲግሪ ልማር ነው። በሒሳብ ልቀጥል ወይስ ርዕሰ መምህር ለመሆን ወደ ትምህርት ዕቅድና አስተዳደር ልዙር? መምህር ደ.»

መልስ፦ መምህር ደ.፣ እርስዎ በሒሳብ ይቀጥሉ። ጥሩ የሒሳብ መምህር ከገጠር ትምህርት ቤት ሲወጣ ቦታው ቶሎ አይሞላም፤ ይህን ከእኔ ይበልጥ እርስዎ ያውቃሉ። 12 ዓመት ክፍልፋይ ያስተማሩ ሰው ዲግሪውን በሒሳብ ቢይዙ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆች ይጠቀማሉ። አመራሩ በኋላ በሥልጠና ይመጣል፤ ሒሳብ ግን ሲተዉት ይርቃል። ለመሄድ ከወሰኑ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱን የድጋፍ ደብዳቤ በሰኔ ሳይሆን በግንቦት ይጠይቁ፤ ሰኔ ላይ ሁሉም ሰው ፈተና ላይ ነው፣ ፈራሚም አይገኝም። ለማደሪያውም ብርድ ልብስ ይያዙ፤ የክረምት ዝናብ በዶርም መስኮት ይገባል።