አሮጌ አይሱዙ ሲገዛ ቁልፉ በመጨረሻ ይዞራል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የመርሳ ልጅ ነኝ። ሽንኩርትና ብርቱካን ወደ ደሴና ኮምቦልቻ የማመላልሰው በኪራይ መኪና ነው። ኪራዩ ትርፉን ስለበላው ከወንድሜ ጋር ያጠራቀምነውን ይዘን አሮጌ የጭነት መኪና ልንገዛ ነው፤ ብድር የለንም፣ ሌላ ገንዘብም የለንም። ዋጋቸው የተቀራረበ ሁለት አይሱዙ አግኝተናል። አንዱ ኮምቦልቻ ያለ ኤን ፒ አር ነው፤ ቀለሙ አዲስ ነው፣ «ሞተሩ በቅርብ ታድሷል» ይላሉ። ሌላው ደሴ የቆመ ባለ ስድስት ሲሊንደር ኤፍ ኤስ አር ነው፤ ብዙ ይጭናል፣ ግን ያጨሳል፤ ባለቤቱ «የደሴ ከፍታ ነው» ይላል። የቱን እንግዛ? ሞተሪስታ ያልሆነ ሰው ምን አይቶ ይወቅ?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ የፈራኸው ሞተሩን ነው፤ እኔ የምፈራልህ ግን ሻንሲውንና (መኪናውን የተሸከመውን የብረት አጽም) ሊብሬውን ነው። ሞተር ደሴም ኮምቦልቻም ወርዶ ይታደሳል። ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት)፣ ካሚቻው (ፒስቶኑ የሚመላለስበት እጅጌ)፣ ብሮንዚናው (የክራንኩ ማረፊያ) ስንት እንደሚያወጣ መኪናውን ሳትገዛ ጠይቀህ ማወቅ ትችላለህ። የተጣመመ ሻንሲና የተነካካ ሊብሬ ግን ዋጋ አይወጣላቸውም፤ ገንዘብህን ይዘው ይቀራሉ። ስለዚህ ከወረቀቱ ጀምር፣ ከዚያ መኪናው ስር ግባ፣ ቁልፉን በመጨረሻ አዙር። ብዙ ገዥ ተገላቢጦሹን ያደርጋል፤ ሞተሩ ተነስቶ ድምፁን ሲሰማ ልቡ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ የሚያየው ስንጥቅ ሁሉ ትንሽ ይመስለዋል።

ከሁለቱ የትኛው ላልከው፣ በያዝከው አቅም ኤን ፒ አሩን እመርጥልሃለሁ፤ ከታች ያለውን ፈተና ካለፈ ብቻ። ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ሲታደስ ስድስት ፒስቶን፣ ስድስት ካሚቻ፣ ስድስት ኢንጀክተር ይፈልጋል፤ ጎማውም ትልቅና ውድ ነው። ሽንኩርት ደግሞ ሞልቶ እስኪጫን አይጠብቅህም። ግማሽ ጭኖ የሚሄድ ትልቅ መኪና ናፍታውን ካንተ ኪስ ነው የሚጠጣው።

ስለ ጭሱ፣ ባለቤቱ ግማሽ እውነት ተናግሯል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሩ ከቆላው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ያንኑ ናፍታ እየተረጨለት የሚያቃጥልበት አየር ስለሚያንሰው ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ማውጣቱ ያለ ነው። መኪናው ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ጥቁሩ ጭስ መቀነስ አለበት፤ ካልቀነሰ የአየር ማጣሪያው ታፍኗል፣ ወይም ኢንጀክተሩ ያንጠባጥባል፣ ወይም ናፍታውን የሚገፋው ፖምፓ ከልክ በላይ ተከፍቷል። ሰማያዊ ጭስ ግን ከከፍታ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ የሚቃጠለው ዘይት ነው፣ ያለቀው ፋሻ ወይም የቫልቭ መመሪያ ነው። ነጭ ጭስ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ታይቶ ከጠፋ አያስጨንቅም። ሞተሩ ሞቆም ከቀጠለና የራዲያተሩ ውሃ ከጎደለ ግን የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ተበልቷል ወይም ቴስታታው ተሰንጥቋል።

ወረቀቱ ላይ ሊብሬውን በእጅህ ይዘህ የሻንሲ ቁጥሩን ከመኪናው ጋር አመሳክር። ቦታውን በሽቦ ብሩሽና በናፍታ አጽዳና ጠመኔ እሽበት፤ ቁጥሩ ጎልቶ ይወጣል። ፊደሎቹ እኩል ካልቆሙ፣ ዙሪያው በሞላ (በግራይንደር) የተፋቀ ወይም የተበየደ ከሆነ ዋጋውን አትጠይቅ፣ ተመለስ። የሞተር ቁጥሩንም እይ። አሮጌ አይሱዙ ላይ ሞተር መቀየር የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ለውጡ ሊብሬው ላይ ካልሰፈረ ስም ሲዞር ጣጣው ያንተ ይሆናል። ከዚያ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ፋይሉ ካለበት መሥሪያ ቤት አጣራ። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል አይዞርልህም። ሻጩ በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው «መሸጥ» የሚል ቃል ይኑረው፤ ባለትዳር ከሆነም የትዳር ጓደኛው ትፈርም። ውሉ ውልና ማስረጃ ፊት ሳይፈረም ቀብድ ብለህ ብዙ አትስጥ።

አሁን መኪናው ስር ግባ። ባትሪ መብራት፣ የሽቦ ብሩሽና ሜትር ያዝ። ሻንሲ የሚሰነጠቀው በዘፈቀደ አይደለም፤ ከካቢናው ጀርባ፣ የባሌስትራ (ሸክሙን የሚይዘው ባለ ቅጠል ሞላ) መያዣዎቹ ከሻንሲው ጋር በሚገናኙበት፣ አግዳሚው ብረት በሚታሰርበት ቦታ ነው። አዲስ ቀለም የተቀባ ሻንሲ ላይ ጊዜ ውሰድ፣ እዚያ ነው የሚደበቀው። ስንጥቅ ራሱ ባይታይ ከእሱ የሚወጣ ቀጭን የዝገት መስመር ቀለሙን ሰብሮ ይታያል። ብየዳ ካገኘህ አቅጣጫውን እይ። በሻንሲው የላይና የታች ከንፈር ላይ ቀጥ ብሎ ያቋረጠ ብየዳ መጥፎ ነው፤ ሙቀቱ ከጎኑ ያለውን ብረት ስለሚያደርቀው ቀጣዩ ስንጥቅ እዚያው አጠገብ ይከፈታል። ከጎን ላሜራ ተደግፎ፣ ጫፉ ሰያፍ ተቆርጦ፣ በብሎን የታሰረ ጥገና ካየህ ግን የሠራው ሰው ያውቃል፤ ዋጋ አስቀንስበት እንጂ አትሽሸው።

መሪውን ቀጥ አድርገህ ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል በግራም በቀኝም ለካ። ልዩነቱ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ወይ ሻንሲው ተጣሟል ወይ አክስሉ ከቦታው ሸሽቷል፤ እንዲህ ያለ መኪና ጎማ ሲበላ ይኖራል። ባሌስትራውንም ቁጠር፤ ከፋብሪካው በላይ ሁለትና ሦስት ቅጠል ከተደረበበት መኪናው ከአቅሙ በላይ ሲጭን ኖሯል ማለት ነው። ባሌስትራ መደረብ ሸክሙን አያጠፋውም፣ ወደ ሻንሲውና ወደ ኋላ አክስሉ ያሻግረዋል እንጂ።

የፊቱን ጎማ በክሪክ አንሣና ከላይና ከታች ይዘህ ወዝውዘው። ከተነቃነቀ ረዳት ፍሬን ይርገጥልህና ደግመህ ወዝውዝ። ፍሬን ተረግጦ መንቀጥቀጡ ከጠፋ ላልቶ የነበረው የጎማው ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ነው፣ ርካሽ ነው። ካልጠፋ ፔርኖው (የፊት ጎማው የሚታጠፍበት ዘንግ) አልቋል፤ ፔርኖና ቡሽ መቀየር ደግሞ የሁለቱንም ጎን ሥራ ይፈልጋል። እግረ መንገዴን ልንገርህ፦ በአሮጌ ኤን ፒ አር የግራ ጎማ ዳዶ (የብሎኑ ማሰሪያ) የሚፈታው በተቃራኒው ነው። ይህን የማያውቅ ረዳት በቱቦ እያስረዘመ ሲታገል ብሎኑን ይቆርጠዋል፤ የተቆረጡ ብሎኖች ካየህ እንዲህ ሲያዝ እንደኖረ እወቅ።

ወደ ሞተሩ ስንመጣ፣ ጠዋት በማለዳ፣ ሳይነሳ ድረስ። ሻጩ «አሙቄ ልጠብቅህ» ካለህ እምቢ በል፤ ሞተሩን በእጅህ ነክተህ ቀዝቃዛ መሆኑን አረጋግጥ። የራዲያተር ክዳኑን የምትከፍተው ያኔ ነው፤ የጋለ ራዲያተር ፊት ያቃጥላል። ውሃው ላይ የዘይት አይን ወይም የካፑቺኖ መልክ ያለው አረፋ መኖር የለበትም፤ በዘይት መለኪያው ላይም እንደዚሁ። ከዚያ አስነሳው። ጥሩ ናፍታ ሞተር በደሴ ብርድም ቢሆን ማሞቂያው ከሠራ በኋላ ቶሎ ይነሳል። ሞቶሪኖው (ማስነሻው) ብዙ እየዞረ የማይነሳ ከሆነ ወይ እመቃው (ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩ የሚታመቅበት ግፊት) ወርዷል ወይ ናፍታው አየር ይስባል።

ሲሞቅ የዘይት መሙያ ክዳኑን ፈትተህ ገልብጠህ እዚያው ላይ አስቀምጠው። በዝግታ እየሠራ ክዳኑ ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ደህና ነው። ተፈናጥሮ ከወደቀ ወይም እንደ ማንቆርቆሪያ ጭስ ካወጣ የሚቃጠለው ጋዝ በፋሻው አልፎ ወደ ታች እየወረደ ነው። እመቃ በመሣሪያ ሲለካ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በል፦ መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ወለል ነው፤ ደሴ ላይ ጤነኛውም ሞተር ከዚያ ዝቅ ብሎ ያነባል። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን አያስደንግጥህ፣ አራቱን ሲሊንደሮች እርስ በርስ አወዳድር። ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ ከ10 በመቶ በላይ ከወረደ ችግሩ እዚያ ነው።

«ታድሷል» ለሚለው ቃል መልሱ ዘይቱ ውስጥ ነው። የሚያንኳኳን ሞተር ለሁለት ቀን ዝም ለማሰኘት የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት የሚደባልቅ ሰው አለ፤ ዘይቱ ስለሚወፍር ድምፁም ጭሱም ይቀንሳል። ስለዚህ ለሻጩ እንዲህ በለው፦ «ዘይትና ፊልትሮ በኔ ወጪ እቀይርልሃለሁ፣ ሞተሩን ከዚያ በኋላ እሰማዋለሁ።» 15ደብልዩ-40 የናፍታ ሞተር ዘይትና አዲስ ፊልትሮ ይዘህ ሂድ። የወጣውን ዘይት በንጹሕ ሳህን ተቀበለው። አሮጌውን ፊልትሮ በብረት መጋዝ ቁረጠው፣ ወረቀቱን እንደ አኮርዲዮን ዘርጋውና በፀሐይ ላይ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው። ጥቁር ብቻ ከሆነ ጥላሸት ነው። እንደ ነሐስ ወይም እንደ መዳብ የሚያብለጨልጭ ቅርፊት ካለ ብሮንዚናው እየተላጠ ነው። ማግኔት ስታስጠጋበት የሚያነሳው ብረት ካገኘህ ጥርስ ወይም ፋሻ እየተፋቀ ነው። በአዲሱ ዘይት አስነስተህ ግማሽ ሰዓት አሙቀው፤ በዝግታ ሲሠራ የዘይት መብራቱ ብልጭ ካለ ወይም ከታች የደነቆረ ኳኳታ ከመጣ ሞተሩ አልታደሰም። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ መልሱን ሰጥቶሃል።

ለያዝከው ገንዘብ በሜካኒካል ፖምፓ የሚሠራ ሞተር ይሁን፤ ባለ 4.3 ሊትሩ 4ኤች ኤፍ 1 ወይም ባለ 4.6 ሊትሩ 4ኤች ጂ 1። አዲሱ ባለ 5.2 ሊትር 4ኤች ኬ 1 ጉልበቱም ቁጠባውም ጥሩ ነው፤ ግን ኢንጀክተሩ ከጀሪካን የተቀዳ፣ ውሃና አሸዋ ያለበትን ናፍታ አይታገሥም፣ ሲበላሽም በኮምፒውተር መታየት ይፈልጋል።

ቀጥሎ ጭነህ ፈትነው። ባዶ መኪና ሁሉም ጥሩ ነው። 20 ወይም 30 ኩንታል ጭነህ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣውን የሐረጎን ዳገት አውጣው። የሙቀት መርፌው ዳገቱ ላይ ከፍ ብሎ መቆም እንጂ መውጣቱን መቀጠል የለበትም። በደሴ ከፍታ ክፍት ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፤ ግፊቱን የሚይዘው የራዲያተር ክዳኑ ስለሆነ ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ብቻ መኪና ያፈላል። መጀመሪያ እሱን ቀይር። በመልሱ ቁልቁለት ሦስተኛ ማርሽ አስገብተህ ነዳጁን ልቀቅ፤ ማርሹ ራሱን ካወጣ ካምቢዮው መፈታት አለበት። ጭስ ማውጫውን አፍኖ የሚይዘው ፍሬን ሞተርም መሥራት አለበት፤ ያለ እሱ ከውጫሌ ወደ ውርጌሳ ጭነት ይዞ መውረድ ፍሬኑን ማቃጠል ነው። ታች ስትደርስ እጅህን ሳታስነካ ወደ እያንዳንዱ ጎማ የፍሬን ታምቡር አስጠጋ፤ ከሌሎቹ ለይቶ የጋለው ፍሬኑ ይዟል፣ የቀዘቀዘው አይሠራም። ሞተር አጥፍተህ ፍሬኑን አምስት ስድስት ጊዜ ረግጠህ፣ እንደረገጥክ አስነሳ፤ ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች መስመጥ አለበት። ካልሰመጠ የፍሬን ማገዣው ወይም ቱቦው አየር ይስባል።

ፍሪሲዮኑን (ክላቹን) ለመፈተን ሜዳ ላይ ጎማውን በድንጋይ አግደህ፣ የእጅ ፍሬን ስበህ፣ አራተኛ አስገብተህ ቀስ ብለህ ልቀቅ። ሞተሩ ከጠፋ ይይዛል፤ እያጓራ ከቀጠለ አልቋል። የእጅ ፍሬኑ በአሮጌው ኤን ፒ አር ከካምቢዮው ጀርባ የሚይዝ ስለሆነ መኪናው እየሄደ አይሳብም፤ ክሮቼራ (የማስተላለፊያ ዘንጉን መገጣጠሚያ) ይሰብራል።

ባትሪዎቹ ሁለት ባለ 12 ቮልት ናቸው። ቴፕና ተጨማሪ መብራት ከአንዱ ብቻ የተሳበ ከሆነ ያኛው ቀድሞ ይሞታል፤ ለየብቻ ለካቸው። ሞተሩ ሲሠራ ሁለቱ በአንድ ላይ 27 እስከ 28.5 ቮልት ማሳየት አለባቸው። ጎማ ላይ ጥርሱን ብቻ አትይ፣ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብብ፤ 2316 ካለ በፈረንጅ 2016 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፣ ጥርሱ ቢኖርም ላስቲኩ ደርቋል።

ካለህ 100 ብር ለመኪናው፣ ለስም ማዞሪያውና ለደላላው 75 ብር ብቻ አውጣ። ሩቡ የመጀመሪያው ወር ነው፦ የሞተር፣ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት፣ ሁሉም ፊልትሮ፣ ቺንጋና የውሃ ጎማዎች፣ የፍሬን ዘይትና ፌሮዶ (የፍሬን ሸራ)፣ ሁለት የፊት ጎማ። ሩቡ ከሌለህ ከዚህ የረከሰ መኪና ፈልግ፤ መኪናውን ገዝተህ ፌሮዶ መግዣ ያጣህ ቀን ሐረጎ ላይ ትሆናለህ። ጋራዡ «መኪናህ እንዳይፈላ ቴርሞስታቱን (የውሃውን መንገድ በሙቀት የሚከፍትና የሚዘጋውን) እናውጣው» ካለህ አትስማው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በደሴ ብርድ ሳይሞቅ ይውላል፣ ናፍታ ይበላል፣ ካሚቻውን ይፍቃል። የሚፈላ ከሆነ ራዲያተሩ ይውረድና ይጠረግ፣ ቴርሞስታቱ አዲስ ይግባ። ሊብሬው ላይ ከተጻፈው ኩንታል በላይም፣ ገበያው ቢያጓጓህ፣ አትጫንበት።