ወንበር ላይ የተሰቀለ ኮት

ልጆቼ፣

ሰንጋ ተራ አካባቢ ምሳ የሚበላ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። ስድስት ሰዓት ከመሙላቱ በፊት አንድ የቢሮ ሠራተኛ ቀድሞ ይገባና አራት ወንበር ይይዛል፤ አንዱ ላይ ኮት፣ አንዱ ላይ ቦርሳ፣ ሌሎቹ ላይ ጋዜጣና ጃንጥላ። ባልደረቦቹ ዘግይተው ይደርሳሉ፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይመጡም። በሩ ላይ የቆመው አስተናጋጅ ግን አዲስ መጪውን «ሞልቷል» ብሎ ይመልሰዋል። የሚቆጥረው ኮቱን እንጂ በላተኛውን አይደለም።

ኩበርኔቲስ ፕሮግራሞችን በብዙ ማሽኖች ላይ እያደለደለ የሚያስተዳድር ሥርዓት ነው፤ ቦታ የሚሰጠው መዳቢው ከዚያ አስተናጋጅ ብዙ አይለይም። ፕሮግራማችሁ በታሸገበት ኮንቴይነር ላይ «ሪኩዌስት» ብላችሁ የምትጽፉት የፕሮሰሰር ቁጥር ኮታችሁ ነው። እኔ ሪኩዌስቱን ዋስትና፣ ሊሚቱን፣ ማለትም ሊያልፈው የማይፈቀድለትን መጠን፣ ጣሪያ ማለት ስለሚቀናኝ በዚሁ ልቀጥል። 1000 ሚሊ አንድ ሙሉ ኮር (አንድ የፕሮሰሰር ማስሊያ ክፍል) ነው፤ 250 ሚሊ ደግሞ ሩቡ። መዳቢው ፖዱን፣ ማለትም አብረው የሚነሡትን ኮንቴይነሮች ጥቅል፣ የሚያሳርፍበትን ማሽን ሲመርጥ የተጻፉትን ዋስትናዎች ይደምራል፣ ከማሽኑ አቅም ጋር ያስተያያል፣ በቃ። ማሽኑ በዚያች ሰዓት ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ ዞር ብሎ አያይም። ለእያንዳንዱ ፖድ «ለማንኛውም» ብላችሁ 4 ኮር ብትጽፉ ባለ16 ኮሩ ማሽን አራት ፖድ የሚይዝ ይመስላችኋል፤ ለማሽኑ ለራሱ ሥራ የሚቀመጠው ሲቀነስ ግን የሚይዘው ሦስት ነው። አራተኛው «ፔንዲንግ» ተብሎ ደጅ ይጠናል፤ ውስጥ ያሉት ሦስቱ ምናልባት እያንቀላፉ ነው። ከዚያ አንዱ ተነሥቶ ተጨማሪ ሰርቨር ይገዛልን የሚል ደብዳቤ ይጽፋል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ላይ እኔም ፈርሜ አውቃለሁ።

ምሳሌዬ የሚከዳኝ እዚህ ላይ ነው። ምሳ ቤት ውስጥ ኮት የተሰቀለበት ወንበር ባዶውን ይውላል። ፕሮሰሰር ላይ ግን እናንተ ያልተጠቀማችሁበትን ጎረቤት ይሠራበታል፤ ስትመጡ ይነሣላችኋል። የማሽኖቹ ስርዓተ ክወና ሊኑክስ ይህን የሚያደርገው ሲግሩፕ በሚባለው አሠራር ነው። ሥራውን የጉግል መሐንዲሶች በ2006 እ.ኤ.አ. ጀመሩት፣ በ2008 መጀመሪያ ከእትም 2.6.24 ጋር ወደ ከርነሉ፣ ማለትም ወደ ሊኑክስ እምብርት፣ ገባ። ሽሚያ ሲነሣ ጊዜው በዋስትናችሁ መጠን ይከፋፈላል፤ 100 ሚሊ የጻፈና 300 ሚሊ የጻፈ አንድ ለሦስት ይካፈላሉ። ሽሚያ ከሌለ ባለ100 ሚሊውም ሙሉውን ኮር ቢወስድ ከልካይ የለውም። ዋስትና የምለው ለዚህ ነው፤ በክፉ ቀን የማይነካባችሁ ድርሻ ነው።

ጣሪያው ግን ለክፉ ቀን አያዝንም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በገና ዋዜማ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ባለ ሕንፃ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነበርን። የመሥሪያ ቤቱን ስም ተዉት። የምናስተዳድረው የክፍያ ሥርዓት ከቀትር በኋላ መንቀርፈፍ ጀመረ። ዶሮውን አንጠልጥሎ፣ ክፍያው ሳያልፍለት ሻጩ ፊት የቆመ ሰው ምን እንደሚል መገመት አያቅታችሁም፤ ስልካችን ፋታ አጣ። የመከታተያ ሰሌዳውን ስናይ ማሽኖቹ ሠላሳ በመቶ እንኳ አልሠሩም። ኔትወርኩን ጠረጠርን፣ ዳታቤዙን ጠረጠርን፣ የፕሮግራሙን ቅጂ ጨመርን፤ የጠበቅነውን ያህል አልረዳም። የፕሮግራሙን የቅንብር ፋይል ሦስት ጊዜ አነበብነው፤ የፕሮሰሰር ጣሪያ የሚባል ነገር አልተጻፈበትም።

ምሽት አንድ ሰዓት ግድም፣ ከተቀጠረች ዓመት ያልሞላት ልጅ ኮንቴይነሩ ውስጥ ገብታ ሲፒዩ ስታት የሚባለውን ትንሽ ፋይል ከፈተች። «ጋሼ፣ ይህን ይመልከቱ» አለችኝ። «ኤንአር ትሮትልድ» የሚለው መስመር ፊት ያለው ቁጥር ፋይሉን በከፈተችው ቁጥር ያድጋል። ፕሮግራማችን ስንት ጊዜ እንደታነቀ የሚቆጥር መስመር ነው።

የሆነው እንዲህ ነበር። ከርነሉ ጣሪያን የሚያስከብረው ጊዜን በ100 ሚሊሴኮንድ እየቆራረጠ ነው። የአንድ ኮር ጣሪያ ማለት በእያንዳንዱ ቁራጭ ውስጥ 100 ሚሊሴኮንድ ሥራ ማለት ነው። ፕሮግራሙ የተጻፈው በጎ ቋንቋ ነበር፤ ጎ ደግሞ በነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. ከወጣው 1.25 በፊት ጣሪያውን አያይም ነበር፣ የማሽኑን ኮሮች እንጂ። 16 ኮር አየ፤ ጎን ለጎን የሚሮጡ 16 የሥራ መስመሮች ከፈተ። አሥራ ስድስቱ አንድ ላይ ሲሮጡ ድርሻቸውን በ6 ሚሊሴኮንድ ገደማ ጨረሱት፤ የቀረውን 94 ሚሊሴኮንድ ቆመው ጠበቁ። እንደገና 6 ሮጡ፣ እንደገና ቆሙ። ዙሪያቸውን ያሉት ኮሮች ሥራ ፈትተው ነበር።

ጣሪያውን ማን ሰቀለው? ልጅቷ የኔምስፔሱን፣ ማለትም በሥርዓቱ ውስጥ የእኛ የሆነውን ክፍል፣ ሊሚትሬንጅ የሚባል የመጠን ደንብ አወጣች። ጣሪያ ያልተጻፈለትን ሁሉ አንድ ኮር ላይ የሚያቆም ነባሪ ደንብ ተቀምጧል። «ይህን ማን ጻፈው?» ብላ ዞር አለች። እኔ ነበርኩ። ከአንድ ዓመት በፊት ከሌላ ቦታ ገልብጬ አስገብቼ ረስቼዋለሁ። ደንቡን አነሣን፣ ነገር ግን አስቀድሞ የተነሣ ፖድ ስለማይለወጥ ሁሉንም እንደ አዲስ ማስነሣት ነበረብን። ቤቴ ስደርስ ዶሮው ቀዝቅዞ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የያዝኩት አቋም ይህ ነው፣ የሚቃወሙኝ ባልደረቦች እንዳሉ አውቃለሁ። የፕሮሰሰር ዋስትና ሁልጊዜ ጻፉ፤ የራሳችሁ ክላስተር (የማሽኖች ስብስብ) ላይ ጣሪያ አትጻፉ። ባለቤቶቹ የማይተዋወቁበት የጋራ ክላስተር ከሆነ፣ ወይም ደንበኛ በከፈለው ልክ ብቻ እንዲጠቀም ከተፈለገ፣ ጣሪያው ይኑር። ሜሞሪ ላይ ይህን አትሞክሩ። ፕሮሰሰር ሲያንሰው ፕሮግራም ይዘገያል፤ ሜሞሪ ከጣሪያው ሲያልፍ ግን ከርነሉ ይገድለዋል፣ 137 የሚል የመውጫ ቁጥር ብቻ ትቶላችሁ። እዚያ ላይ ዋስትናና ጣሪያ እኩል ይሁኑ። አንድን ኮር ለብቻ አጥሮ የሚይዝ አሠራርም አለ፣ አብዛኞቻችሁ ግን አትፈልጉትም።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል? ከመለካት። ሰሌዳችሁ ላይ የሰባት ቀን አማካይ አይታችሁ ከወሰናችሁ ተሳስታችኋል። ብዙ መሥሪያ ቤት ደመወዝ የሚከፍለው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የእኛ ወር ማለቂያ ደግሞ በፈረንጆቹ ወር የመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ግድም ይውላል። ሰሌዳው ያንን ግርግር ወር በገባ በሳምንቱ እንደመጣ እንግዳ ነገር ያሳያችኋል። ገና በታኅሣሥ 29 ሲውል በዓልና ደመወዝ ይገናኛሉ። የምትለኩበት ጊዜ ቢያንስ አንድ የእኛን ወር ማለቂያና አንድ የበዓል ዋዜማ ይያዝ፤ አማካዩን ትታችሁ ሥራ የበዛበትን ሰዓት ውሰዱ። ቅጂ ራሱ እየጨመረ የሚቀንሰውን አሠራር የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ ሰባ በመቶ ሲደርስ ጨምር ስትሉት ሰባ በመቶ የሚለው የማሽኑን ሳይሆን የዋስትናችሁን ነው። ዋስትናው የሐሰት ከሆነ በመቶኛውም ሐሰት ነው፤ ዋስትና ካልጻፋችሁ ደግሞ የሚያሰላበት የለውም።

ከኩበርኔቲስ 1.33 ወዲህ ፖዱን ሳትገድሉ ቁጥሩን መቀየር ይቻላል። በእኔ ጊዜ ይህ ቢኖር ያንን ምሽት በከፊል ያድነኝ ነበር።

ያቺ ልጅ አሁን የክፍሉ ኃላፊ ናት። ባለፈው ሳምንት ልጠይቃት ወጥቼ ፋይሉን አሳየችኝ። ከእያንዳንዱ የዋስትና ቁጥር አጠገብ አጭር ማስታወሻ አለ፤ መቼ እንደተለካ፣ ማን እንደለካው፣ የትኛው በዓል በመካከሉ እንደዋለ። አንዱ መስመር ላይ «350 ሚሊ፤ ከጳጉሜን 1 እስከ መስከረም 30 ተለክቶ» ይላል። ከሥሩ የነበረውን የእኔን የድሮ ቁጥር አላጠፋችውም፤ አጠገቡ «ምንጩ አይታወቅም» ብላ ጽፋበታለች።