ፋሲካ ደርሶ ልጆች ሲታመሙ

እህቴ፣ በመጀመሪያ ልጆችሽን እግዜር ይማርልሽ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለቱም ከትናንት ጀምሮ እያስመለሳቸውና እያስቀመጣቸው ነው፣ ነገ ፋሲካ ነው፣ አማትሽ አዲሱ ገበያ ዶሮ ሠርተው ይጠብቁሻል፣ ልሂድ ወይስ ልቅር ነው ያልሽው። ቅሪ። ዛሬውኑ ደውለሽ ንገሪያቸው።

ለምን እንዲህ አፌን ሞልቼ እንደምናገር ልንገርሽ። እኛም እንደ አንቺ ከከተማው ዳር ነን፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። የዛሬ ሦስት ዓመት ትንሿ ልጄን ቅዳሜ ማታ ሁለቴ አስመለሳት። ጥርስ ነው አልን። በዓመት በዓል እንዴት እንቀራለን ብለን እሑድ ጠዋት አዝዬያት ወጣሁ። የበዓል ታክሲ መቼም ታውቂዋለሽ። አንድ ሰዓት ቆምን፣ ሦስት ታክሲ ቀየርን፣ ሳሪስ ጋ ስንደርስ ጀርባዬ ላይ አስመለሳት። አማቴ ቤት ደግሞ ሁሉም ናፍቋት ስለነበር ከአንዱ እቅፍ ወደ ሌላው ስትዞር ዋለች። ማክሰኞ የባለቤቴ እህት ደወለች። የሰባት ወር ልጇን ተቅማጥ አጣድፎት ግሉኮስ ተሰቅሎለት አድሯል። ማንም አልወቀሰኝም። እኔ ግን ያን ስልክ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በዓመቱ ሁለቱም ልጆቼ በሰሙነ ሕማማት ታመሙ። ያኔ ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ለአማቴ ደወልኩ። «እማዬ፣ ልጆቹ ታመዋል፣ ዘንድሮ አንመጣም» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከፍቷቸዋል፣ እኔም ስልኩን ይዤ አለቀስኩ። ቆየት ብለው ግን «ዳግም ትንሣኤ አለ አይደል? ያን ዕለት ትመጣላችሁ» አሉኝ። ፋሲካ እኮ የአንድ ቀን ብቻ አይደለም። በሳምንቱ ዳግም ትንሣኤ ነው፣ ከዚያም እስከ ጰራቅሊጦስ 50 ቀን ሙሉ ረቡዕና ዓርብ እንኳን አይጾምም። ዶሮው ከእነዚህ እሑዶች በአንዱ ይሠራል።

አሁን ስለ ልጆቹ። ፋርማሲ ሳይዘጋ ለተቅማጥ የሚሰጠውን ኦአርኤስና ዚንክ ግዢ፣ ነገ ክፍት ማግኘት ይከብድሻል። አንዱ ፓኬት ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ ነው የሚበጠበጠው፤ እኔ በባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ነው የምለካው፣ በግምት አታድርጊው። 24 ሰዓት ካለፈው ድፊው። በብርጭቆ አትስጫቸው፣ በማንኪያ በማንኪያ ነው። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቀሽ ቀስ ብለሽ እንደገና ጀምሪ። ሌሊቱን ሙሉ ማንኪያ ይዞ መቀመጥ ያደክማል፣ ከባለቤትሽ ጋር ተቀያየሩ። ዚንኩን ተቅማጡ ቢቆምም እስከ 10 ቀን ጨርሱ፤ ብዙ ሰው በሦስተኛው ቀን ያቆመዋል። ጡት የሚጠባ ካለ አታቋርጪ። ውሃ በፈረቃ ከሆነ ደግሞ ዛሬ ጀሪካኑን ሙዪ፣ እጅ በሳሙና መታጠብ ካልተቻለ ቤቱ በሙሉ ይታመማል።

መጠጣት ካቃተው፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከፈዘዘ፣ ካንዘፈዘፈው ወይም ሰገራው ላይ ደም ካየሽ በዓሉ ይለፍ ብለሽ አትጠብቂ። በዓል ቀን ተረኛ ያለው ጤና ጣቢያ የትኛው እንደሆነ ዛሬ ጠይቂ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ያን የቀረንበትን በዓል እንዴት አሳለፋችሁት ካልሽኝ፣ ባለቤቴ ብቻውን ቤተ ክርስቲያን አድሮ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መጣ። ቄጠማውን ልጆቹ የተኙበት ሶፋ ፊት ብቻ ጎዘጎዝን። አንድ ዶሮ ሠራሁ፣ በርበሬው ሳይገባ አንድ ቅልጥም አውጥቼ በጨውና በድንች ለብቻ ቀቀልኩላቸው። ትንሿ መረቁን ብቻ ቀመሰች። ትልቁ ግን «እንቁላሌስ?» አለኝ። ሁለት ቀን እህል በአፉ አልዞረም ነበር። ወጥ ውስጥ ያልገባ ቅቅል ሰጠሁት። ጋቢው ውስጥ እስኪቀዘቅዝ ድረስ በሁለት እጁ ይዞት ቆየ፣ ከዚያ ቅርፊቱን አንድ በአንድ እየላጠ ቄጠማው ላይ ደረደረው፣ ነጩን ግማሽ በላ። ከታች ኮሚናሉ ጋ በግ እየተገፈፈ ጫጫታው እኛ ጋ ይሰማል፣ እኔ ግን ያን ግማሽ እንቁላል ሳይ ነው በዓል የሆነልኝ። ጎረቤቴም አልገባችም፣ ዳቦና ቡና በር ላይ አስቀምጣልኝ እንኳን አደረሳችሁ ብላ ከደረጃው ላይ ሆና አወራችን።

መደወሉ ከከበደሽ ባለቤትሽ ይደውል፣ እናቱ ናቸው። ብቻ አንመጣም ከማለቱ በፊት ዳግም ትንሣኤን ያንሳ። እንዴት እንዳደሩ ደግሞ ጠዋት ጻፊልን።