ፓምፑን ልግዛ ወይስ ውሃ ማጠጣቱን?

ጥያቄ፦ «ሐርቡ አካባቢ ቦርከና ዳር አንድ ጥማድ መሬት አለኝ። በበጋ ሽንኩርት አለማለሁ። ሁለት ጎረቤቶቼም እንደኔው ናቸው። በሰፈራችን አንድ ወጣት ፓምፕ ገዝቶ በሰዓት እያስከፈለ ያጠጣልናል፤ ቤንዚኑን የምንችለው እኛ ነን። ሂሳቡ ከበደኝ። ተበድሬ የራሴን ፓምፕ ልግዛ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይግዙ። በሰዓት መክፈሉን ግን ይተዉት። ሂሳቡን ያከበደብዎ እሱ ነው።

ለአንድ ጥማድ ሽንኩርት ፓምፕ በአንድ ዙር የሚሠራው ጥቂት ሰዓት ነው። ከዚያ ቆሞ ይውላል። ክረምቱን ደግሞ ሙሉውን ጥግ ይይዛል። ታንከሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን እየተነነ ካርቡራተሩ ላይ ሙጫ የመሰለ ነገር ይተዋል። ጥቅምት ላይ ገመዱን ቢስቡት አይነሳም። ሦስት ጎረቤታሞች ሦስት ፓምፕ ገዝታችሁ ሦስት ዕዳ ከምትሸከሙ፣ ያ ብር ለጥሩ ዘርና ለማዳበሪያ ቢውል እመርጣለሁ። አንድ በሬ ያለው ሰው መቀናጆ ገብቶ ያርስ የለ? ይኸም እንደዚያው ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። ወጣቱ ብር የሚያገኘው ሞተሩ እስከጮኸ ድረስ ነው። ቦዩ ቢያፈስ፣ ቱቦው ቢቀደድ፣ ፓምፑ ደክሞ ውሃው ቢቀጥን እሱ ምንም አይጎድልበትም። እንዲያውም ሰዓቱ ይረዝምለታል። ልጁ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ውሉ ነው እንዲህ የሚያደርገው።

ስለዚህ ሦስታችሁም አንድ ላይ ሆናችሁ ቀርባችሁ አናግሩት። ክፍያው በሰዓት መሆኑ ቀርቶ በጥማድ ይሁን፤ አንድ ጥማድ አንድ ዙር በደንብ ሲጠጣ ይህን ያህል ብር፣ በቃ። ቤንዚኑም፣ ዘይቱም፣ ጥገናውም የእሱ ይሁን። ዋጋው ያንን ሁሉ እንዲሸፍን አድርጋችሁ ተስማሙ፤ አታስጨንቁት። ከዚያ በኋላ የተረፈው ቤንዚን ሁሉ የእሱ ትርፍ ነው። በአፈር ቦይ ውሃ ማፍሰሱን ትቶ ቱቦ ይዘረጋል። ፓምፑን ወደ ውሃው ያስጠጋል። የአየር ማጣሪያውን ያጸዳል፣ ዘይቱን በየ100 ሰዓቱ ይቀይራል። ሞተር የሚበረክተው ባለቤቱ መበርከቱን ሲፈልገው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስጋት አለ። ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ ውሃውን ሊያሳንስባችሁ ይችላል። ይህን በዓይን መገመት አይበቃም፤ ለኩት። 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ማሳው ዳር፣ ቱቦው ጫፍ ላይ አቁሙና በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ በስልክ ያዙ። በ20 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ 10 ሊትር እየመጣ ነው ማለት ነው። አንድ ጥማድ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር፣ 3 ሳንቲሜትር ውሃ እንዲያገኝ 75 ሺህ ሊትር ይፈልጋል። በዚህ ፓምፕ ከሁለት ሰዓት ትንሽ ያልፋል። በማግስቱ መደቡ ላይ 30 ሳንቲሜትር ያህል ቆፍሩ። የሽንኩርት ሥር በአብዛኛው ከዚያ አያልፍም። አፈሩን በእጃችሁ ጨብጡት። ከተበተነ ውሃው አንሷል። ተድቦልቡሎ ከቀረ መልካም ነው። እጃችሁን ውሃ ካራሰው ግን በዝቷል፤ ዋልካ፣ ማለትም ውሃ የሚይዝ ጥቁር አፈር ላይ፣ ይህ ሽንኩርቱን ለበሽታ ይዳርጋል። በቀጣዩ ዙር መጠኑን በዚሁ ታስተካክላላችሁ።

ለውሃው የምጨነቀው ለቤንዚኑ ብቻ ብዬ አይደለም። የቦርከና ወንዝ እናንተን አልፎ ወደ ጨፋ ሸለቆ ይወርዳል። በበጋ የአፋሩም፣ የኦሮሞውም፣ የአማራውም ከብት እዚያ ሣር ላይ ነው የሚከርመው። ከላይ በከንቱ የፈሰሰ ውሃ ከታች ይታጣል። ወጣቱ ነገ በሶላር የሚሠራ ፓምፕ ቢያመጣ ደግሞ የበለጠ ጠንቀቅ በሉ። ቤንዚን ስለሌለው ፀሐይ እስካለች ዝም ብሎ ይስባል፤ ያኔ የእያንዳንዱ ተራ በውሃ አባቱ፣ ማለትም የመስኖ ውሃውን ተራ በሚያከፋፍለው ሰው፣ በኩል ተቆርጦ ይታወቅ።

ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉት፤ የቀበሌያችሁ የግብርና ባለሙያ ቢኖርበት ጥሩ ነው። ፓምፑ ቢበላሽ በ2 ቀን ውስጥ ሌላ እንዲያመጣ ቃል ይግባ። ኩርቱ፣ ማለትም የሚበላው ራሱ፣ መቋጠር ከጀመረ በኋላ ሽንኩርት ጥም አይችልም። ከክፍያውም የተወሰነውን ምርት ሲሸጥ ብትከፍሉት ለሁላችሁም ይቀላል።

የራስዎን ፓምፕ ይግዙ የምልዎ መሬትዎ ሰፍቶ ዓመቱን ሙሉ የሚያለሙ ከሆነ፣ ወይም ተራ እየጠበቁ ሰብል የሚደርቅብዎ ከሆነ ነው። አንድ ጥማድ ለዚያ አይበቃም።

አንድ ነገር ልጨምር። ክፍያው በዙር ስለሆነ ወጣቱ አንድ ዙር ልጨምር ማለቱ አይቀርም። ሽንኩርቱ ቅጠሉን መጣል ሲጀምር፣ ከመሰብሰቡ 2 ሳምንት ገደማ በፊት፣ ውሃው ይቁም። ከዚያ በኋላ የጠጣ ሽንኩርት ጎተራ ውስጥ ይበሰብሳል። የመጨረሻው ዙር መቼ እንደሆነ የምትወስኑት እናንተ መሆናችሁም ውሉ ውስጥ ይጻፍ።