ሁለተኛው ፍላጻ

ውድ ወጣቶች፣

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው እንበል። አንድ የመንጋጋ ጥርስ ይጠዘጥዛል። ሕመሙ ያለበት ቦታ ቢለካ ከባቄላ ፍሬ አይበልጥም። ትከሻ ግን ወደ ጆሮ ተሰቅሏል፤ ትንፋሽ ታፍኗል፤ ጥርስ በጥርስ ላይ ተነክሶ የታመመው ጭራሽ እየተጫነ ነው። ሐሳብ ደግሞ ይሮጣል፦ «ነገ ፈተና አለብኝ፣ ሳልተኛ ሊነጋ ነው፣ ይነቀል ይሉኝ ይሆናል፣ ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?» ከዚህ ሁሉ ውስጥ ከጥርሱ የመጣው ጥዝጣዜው ብቻ ነው።

የቡድሂዝም መሥራች ቡድሃ ይህን በፍላጻ መስሎ ተናግሮታል። ንግግሩ ፓሊ በተባለ ጥንታዊ የህንድ ቋንቋ በተያዘው፣ ሳምዩታ ኒካያ በሚባለው የንግግሮቹ ስብስብ ውስጥ፣ ስለ ስሜቶች በሚያወሳው ክፍል 6ኛው ላይ ይገኛል። አንድ ሰው በፍላጻ ይወጋል፤ ወዲያው ሌላ ፍላጻ ይደገምበታል። ትምህርቱን ያላወቀ ሰው ሲያመው ያዝናል፣ ያለቅሳል፣ ደረቱን ይደቃል፣ ግራ ይጋባል፤ ስለዚህ በአካሉም በልቡም ሁለት ጊዜ ይታመማል። ያወቀው ሰውም ያመዋል፤ የሚያመው ግን አካሉን ብቻ ነው። በእኛ አባባል በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንደማለት ነው።

ብዙ ጊዜ «የመጀመሪያው ፍላጻ ዕጣ ነው፣ ሁለተኛው ግን ምርጫህ ነው» ሲባል ትሰማላችሁ። ንግግሩ እንዲህ አይልም፤ እኔም አልወደውም። ሁለተኛው ፍላጻ ገና ሳናስብ ስለሚገባ ማን መርጦ ይወጋል? ምርጫ ነው ብሎ ያመነ ሰው በደነገጠ ቁጥር ራሱን ይወቅሳል፤ ያ ሦስተኛ ፍላጻ ነው። የሚለመደው ፍላጻው ሲገባ ማየትና አለመግፋት ነው።

ንግግሩ ከዚያ የሚቀጥለውን ብዙዎች ይዘሉታል። ሰውየው ሕመሙን ይጠላል፤ ሌላ መውጫ ስለማያውቅም ወደ ደስታ ይሮጣል። ዛሬ መውጫው ስልክ ነው፤ ለአንዳንዱ መጠጥ ነው። እስከ 11 ሰዓት ቪዲዮ ሲገላበጥ ጥርሱ እንደነበረ ነው፣ እንቅልፉም ሄዷል። ከጥላቻውና ከሽሽቱ ሥር ያለው አለማወቅ ነው ይላል ንግግሩ፤ ስሜት እንዴት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚያልፍ ልብ አለማለት።

ልምምዱን በከባድ ሕመም አትጀምሩት። ለ10 ደቂቃ እግር አጣጥፎ መቀመጥ የሚያመጣው የጉልበት ሕመም ይበቃል። መጀመሪያ ቦታውን ፈልጉ፦ ስፋቱ ጣት ያህል ነው ወይስ መዳፍ? ይወጋል፣ ያቃጥላል ወይስ ይጠዘጥዛል? አንድ ደቂቃ ካያችሁት የማይለዋወጥ የመሰለው ነገር ከፍ ዝቅ ሲል ትደርሱበታላችሁ። ቀጥሎ ጡንቻን ፈትሹ፦ ግንባር፣ መንጋጋ፣ ትከሻ፣ ሆድ። የተወጠረውን በረጅሙ እየተነፈሳችሁ ልቀቁት። ከዚያ ሐሳቡን በአንድ ቃል ጥሩት፤ «ፍርሃት»፣ «ንዴት»፣ «ስለ ነገ»። አትከራከሩት፤ ከጠራችሁት በኋላ ወደ ትንፋሻችሁ ተመለሱ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው 3 ደቂቃ ለጀማሪ በቂ ነው። ከበዛባችሁ እግራችሁን ዘርጉ፤ ግን በድንጋጤ ሳይሆን «አሁን ልዘረጋ ነው» ብላችሁ።

ደብተር ያዙና ሁለት ቁጥር ጻፉ፤ ሕመሙ ከ10 ስንት ነው፣ ያስጨነቀኝስ ከ10 ስንት ነው? ለብዙ ሰው ቀድሞ የሚወርደው ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ንቅንቅ ባይል ልምምዱ ከሽፏል ማለት አይደለም።

የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ሰው ሕመሙን የሚያየው እንዲጠፋለት ብሎ ይሆንና በየደቂቃው «አሁንስ ቀነሰ?» ይላል። ይህ ልብስ ቀይሮ የመጣ ጥላቻ ነው፤ ጡንቻው መልሶ ይወጠራል። ሌላው «ቻይ» መባልን የምንወድ ሰዎች የምንወድቅበት ነው። ጥርስን ነክሶ መቻል ከጩኸት የተሻለ ይመስላል እንጂ ሰውነት ውስጥ ያው ትግል ነው። በሰው ላይ መፍረዱ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። ልጇን ለቀበረች እናት «ይህ ሁለተኛው ፍላጻ ነው» ማለት ጭካኔ ነው፤ ትምህርቱ የራስን ልብ ማያ እንጂ የሌላውን ለቅሶ መመዘኛ አይደለም። ከባድ ጥቃት ያሳለፈ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሰውነቱን ማዳመጥ ሊያስደነግጠው ይችላል፤ ዓይኑን ገልጦ እግሩ ወለሉን ሲነካ ልብ ይበል፣ ካልሆነም ያቁም።

ሃይማኖት ቀይሩ ማለቴ አይደለም። አሜሪካዊው መምህር ጆን ካባት-ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ውስጥ ይህን መሰል ልምምድ ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ሲጀምር ሃይማኖታዊ መልኩን ትቶ ነው፤ ሥልጠናውም 8 ሳምንት ይፈጃል።

ቡድሃም ራሱ ሕመም አላጣውም። ራጃጋሃ በተባለች የህንድ ከተማ የድንጋይ ስንጣሪ እግሩን ሲያቆስለው ሕመሙ ብርቱ እንደነበር መጻሕፍቱ አይደብቁም፤ ልብሱን አራት አጥፎ አንጥፎ በቀኝ ጎኑ ተኛ። ባደገባት ከተማ በካፒላቫስቱም ጀርባውን ሲያመው ትምህርቱን እንዲቀጥል ለደቀ መዝሙሩ ለአናንዳ ሰጥቶ አረፈ። ማረፍም ሆነ መታከም ሽሽት አይደለም። የጀርባ ሕመም ከእግር መዛል ወይም ሽንት መቆጣጠር ካለመቻል ጋር ቢመጣ፣ የደረት ሕመም ከትንፋሽ ማጠር ጋር፣ ራስ ምታት ከትኩሳትና ከአንገት መገተር ጋር ቢመጣ ልምምዱን ትታችሁ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ሂዱ። ጥርሱም ቢሆን ሌሊቱን በትንፋሽ ታልፉት ይሆናል፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ግን የጥርስ ሐኪሙ በር ላይ ተገኙ።