«ሦስት ጊዜ እንቢ ብያለሁ፤ ጥሪው የእግዚአብሔር መሆኑን በምን ልወቅ?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይድረስዎ። በጅማ ከተማ የምኖር፣ በአንድ የቡና መጋዘን በመዝጋቢነት የምሠራ ምእመንት ነኝ። ለጥቂት ዓመታት ከቤተ ክርስቲያን ርቄ ቆይቼ ንስሐ ከገባሁና ቀኖናዬን ከፈጸምሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። የአጥቢያችን ሰንበት ትምህርት ቤት ኀላፊዎች፣ አማርኛም አፋን ኦሮሞም ስለምችል፣ ሕፃናትን እንዳስተምር ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ እንቢ አልሁ። ያለፈው ሕይወቴ ያሳፍረኛል፤ ደግሞም እግዚአብሔር ቢጠራኝ ኖሮ አንዳች ምልክት አይ ነበር እላለሁ። ጥሪው ከእርሱ መሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሦስት ጊዜ መጠራትሽን ሳነብ ትዝ ያለኝ ብላቴናው ሳሙኤል ነው (1ኛ ሳሙ. 3)። ሳሙኤል በቤተ መቅደስ ተኝቶ ሳለ የሰማው ድምፅ እንግዳ ነገር አልመሰለውም፤ ዘወትር የሚያገለግለው ሽማግሌው ዔሊ የጠራው መስሎት ሦስቱንም ጊዜ «እነሆኝ» እያለ ወደ እርሱ ሄደ። የእግዚአብሔር ጥሪ መሆኑን ያስተዋለው ደግሞ ብላቴናው ራሱ አልነበረም፤ ዓይኖቹ የፈዘዙት፣ ልጆቹን ባለመገሠጹም የተወቀሰው ዔሊ ነው። ስለዚህ ጥሪውን የሚያውቁሽ ሰዎች በለመድሽው ድምፅ አቅርበውልሽ ቢሆን፣ እነርሱም እንደ ሁላችን ድካም ያለባቸው ቢሆኑ፣ ከእግዚአብሔር አይደለም ለማለት አያስደፍርም። በሕልም ወይም በራእይ የተጠሩ አሉ፤ ነገር ግን ያን የመሰለውን ሁሉ እንደ ግዴታ መጠበቅ ቤተ ክርስቲያን ያላስተማረችን ነገር ነው።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የተመረጡትን ሰባቱን ዲያቆናት ተመልከቺ። የምርጫቸው መነሻ በዕለታዊው ምግብ ዕደላ መበለቶቻችን ተረሱ የሚል ማጉረምረም ነበር። ችግር ታየ፣ ሐዋርያት ምእመናንን ሰበሰቡ፣ ምእመናኑም በመልካም የተመሰከረላቸውን መረጡ፣ ሐዋርያት ጸልየው እጃቸውን ጫኑባቸው። ከእነዚህም አንዱ ፊልጶስ፣ ለማዕድ አገልግሎት የተመረጠው ሰው፣ ቆይቶ በጋዛ መንገድ ወደ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ተላከና «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ብሎ ጠየቀው። ጃንደረባውም የሚመራው ከሌለ እንዴት እንደሚቻለው መልሶ ጠየቀ።

ይህን የፊልጶስን ጥያቄ በዚሁ በጅማ እኔው ራሴ ሳልጠይቅ ያለፍሁበት ጊዜ ነበር፤ ስለዚህ ነው ነገርሽ የሚያሳስበኝ። ከገጠር ቀበሌዎች የመጡ ልጆች ይገኙበት ለነበረ ጉባኤ በአማርኛ ብቻ ሳስተምር ከረምሁ። አንድ የቡና ለቀማ ወቅት እጁ በእሸት ቡና ጭማቂ ተጣብቆ የመጣ ልጅ «አባታችን ሆይ»ን አንድ ቃል ሳይስት አነበነበልኝ። ደስ ብሎኝ «የዕለት እንጀራችን» ማለት ምን እንደ ሆነ ብጠይቀው ዝም ብሎ እጆቹን ተመለከተ። አጠገቡ የነበረች ታላቁ በአፋን ኦሮሞ ስትነግረው ፊቱ በራና «ቡዴና!» አለ። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ያላደረስሁለትን እርሷ በአንድ ቃል አደረሰችለት። በአንቺ አፍ ሁለቱም ቋንቋዎች አሉ፤ ልጆቹም አሉ፤ የሰንበት ትምህርት ቤቱም ለምኖሻል። ምልክት ብለሽ የምትጠብቂው ከዚህ የተለየ ምን እንደ ሆነ እስኪ በጸሎት ራስሽን መርምሪ።

ስላለፈው ሕይወትሽ ያልሽውን አላቃልለውም። ኢሳይያስም በእግዚአብሔር ቅድስና ፊት በቆመ ጊዜ «ከንፈሮቼ የረከሱብኝ ሰው ነኝ» ብሎ ጮኋል (ኢሳ. 6)። የነገሩን ቅደም ተከተል ግን አስተውዪ፤ መጀመሪያ መልአኩ ከመሠዊያው ፍም ወስዶ አፉን ዳሰሰ፣ ኃጢአቱም ተወገደ፣ «ማንን እልካለሁ?» የሚለው ድምፅ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አባቶቻችን ያን ፍም የቅዱስ ቁርባን ምሳሌ አድርገው ያስተምሩናል። ንስሐ ሳትገቢ ቀርተሽ ቢሆን ኖሮ መልሴ «አስቀድመሽ ወደ ንስሐ አባትሽ ሂጂ» የሚል ይሆን ነበር። አንቺ ግን ተናዝዘሽ፣ ቀኖናሽን ፈጽመሽ፣ ይቅርታን ተቀብለሻል፤ ከዚያ በኋላም «አልበቃም» እያሉ መሸሽ ትሕትና ይመስላል እንጂ የተቀበሉትን ይቅርታ እንዳልተቀበሉ መቍጠር ነው። ሰባት አጋንንት የወጡላት መግደላዊት ማርያም የትንሣኤውን ዜና ለሐዋርያት እንድትነግር የተላከች ሴት መሆኗንም አትርሺ።

ክህነትን በተመለከተ፣ ያ ራሱን የቻለ ሥርዓት ያለው ሌላ ነገር ስለ ሆነና አንቺም ስላልጠየቅሽ አልገባበትም።

አሁን ማድረግ የሚገባሽ ይህ ነው። ለንስሐ አባትሽ ሁሉን ንገሪያቸው፤ እርሳቸው «ጥቂት ቆዪ» ቢሉሽ ቆዪ፣ «ሂጂ» ቢሉሽ ቡራኬያቸውን ተቀብለሽ ሂጂ። የቤተ ሰብሽንና የመጋዘኑን ሥራ አትበድዪ፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡናው በብዛት ሲገባ እስከ ማታ ልትቆዪ እንደምትችዪ ለኀላፊዎቹ አስቀድመሽ አሳውቂያቸውና በሳምንት አንዲት ሰዓት ብቻ ተቀበዪ። ቃል ከገቡ በኋላ መቅረት ሕፃናትን ይጎዳልና ያንን አንድ ሰዓት ጠብቂው። መጀመሪያ ላይ ድምፅሽ ቢንቀጠቀጥ አትደንግጪ፤ ሙሴም አፌ ኰልታፋ ነው ብሎ እግዚአብሔር ወንድሙን አሮንን አጋዥ ሰጥቶታልና አንቺም ከነባር መምህራን አንዷ አብራሽ እንድትቀመጥ ለምኚ።

ሳሙኤል ያን ሁሉ ከሰማ በኋላ እስኪነጋ ተኛ፤ ሲነጋም ተነሥቶ የእግዚአብሔርን ቤት ደጆች ከፈተ። የንስሐ አባትሽ ከፈቀዱልሽ አንቺም በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልጆቹ ከመግባታቸው ቀድመሽ ድረሺ፤ ቁልፉን ተቀብለሽ የክፍሉን በር ክፈቺላቸው።